ሦስት ያልተፈቱ ቋጠሮዎች

ልብስ ሰፊዋ ባንቺአየሁ ሰኞ ማለዳ ከስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ተገኘች። ግንባሯ ባልተጠናቀቀ የተማሪ ደንብ ልብስ ላይ ዐርፏል፤ ቀኝ እጇ መዘውሩን እንደ ያዘ ደርቋል። ከእግሯ ሥር ትውከት ነበረ። ከመርፌው አጠገብ አረንጓዴ አተላ የቀረበት ብርጭቆና አንድ ሰንጣቃ ነጭ ጨርቅ ተቀምጠዋል። በጨርቁ ላይ እንደ መቍጠሪያ በተርታ የታሰሩ ሰባት ቋጠሮዎች ነበሩ፤ አራቱ ተፈትተዋል፣ ሦስቱ አልተፈቱም።

ኢንስፔክተር የትናየት ከሬሳው ይልቅ ጨርቁን አብዝታ አየችው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ሬሳ አንድ ነገር ብቻ ተናግሮ ዝም እንደሚል፣ በሬሳ ዙሪያ ያለ ዕቃ ግን ለጠየቀው ሁሉ ወሬኛ መሆኑን ነው።

ያን ቋጠሮ በጋይንት የማያውቀው የለም። የቤተ ልሔሙ መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ለቍርጥማት የሚሰጡት ቅጠል ነው። የቅጠሉን ስም ለማንም አይነግሩም። ወቅጠው፣ ነፍተው፣ የአንድ ቀኑን መጠን በአንድ ቋጠሮ፣ የሰባት ቀኑን በአንድ ጨርቅ ያስራሉ። ሕመምተኛው በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ፈትቶ በማር በጥብጦ ይጠጣል። ሰባቱ ሲያልቁ ሰባት ቀን ያርፋል፤ ከዚያ እንደ ገና ይጀምራል።

ባንቺአየሁ የዚህ ቅጠል ሕያው ምስክር ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ጣቶቿ እንደ ደረቀ የወይራ ሥር ተቈላልፈው ወንድሟ ያጎርሳት ነበር። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ እሷን ያየ ሁሉ ከስማዳም ከእስቴም እየተነሣ ወደ ከተማዋ ወደ ንፋስ መውጫ ይወጣ ጀመር። ምስክሯ ስትሞት ታዲያ ፍርዱ ከአስከሬኗ ቀድሞ ወጣ። ቀትር ሳይሆን ከተማው በአንድ አፍ መሪጌታው መረዟት አለ።

ወንድሟ አናጢው በላይነህ መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ጠንቋዩ ገደላት» አለ። «ቋጠሮው የማን እንደ ሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ማሩን ማን ይበጠብጥላት ነበር፣ ጋሽ በላይነህ?»

«እኔ። ዛሬም እኔ። ልታስሪኝ ነው?»

«ከዚህ በፊትም በጨርቅ ነበር የምትወስደው?»

ይህን እስከዚያች ሰዓት አላሰበበትም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደምሌ መድኃኒት ቤት በፕላስቲክ ጣሳ እንደ ገዛች፣ ጨርቁ መቼ እንደ ተተካ ግን ልብ እንዳላለ ነገራት። ስለ ሕመሟም ጠየቀችው። ዐሥር ቀን ያህል ጉልበቷ ከድቷት ነበር፤ ስትነሣ ይዞርባታል፣ ቍርጥማቱም ተመልሶባታል። ቅዳሜ ጉንፋን ያዛት፤ ከዚያ ወዲያ እህል በአፏ አልዞረም።

«ጠበል ልውሰድሽ አልኳት። ‹ሰባቱን ልጨርስ› አለችኝ። ተጣላን።» መጥረቢያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «የመጨረሻ ቃላችን ጥል ነው። ይህን ጻፊበት።»

የትናየት ከመኪናው መሳቢያ ሁለተኛ ጨርቅ አወጣች። ሰባቱም ቋጠሮዎቹ ተፈትተዋል፤ የጨርቁ ጭምድድ ግን ገና አልተቃናም።

የሐኪሙ ምርመራ መርዝ አላገኘም። ናሙናው ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ሄደ፤ መልሱ በወር ይመጣል ተባለ። ከተማው ግን ወር የሚጠብቅ አልነበረም። ሰኞ ማምሻውን በመሪጌታው ቤት ላይ የድንጋይ ናዳ ወረደ፤ ማክሰኞ ፖሊስ ለራሳቸው ደኅንነት ሲል ወደ ጣቢያ አመጣቸው። በዚያው ቀን የቅጠሉ ዱቄት ከየቤቱ ተሰብስቦ ሐሙስ ቀትር ላይ እንዲቃጠል ታዘዘ። አርባ ጣሳ ተሰበሰበ። አርባ አንደኛውን የትናየት ከገዛ እናቷ እጅ ወሰደች።

«እማዬ፣ ሕግ ነው።»

እናቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጣሳውን በሁለት እጅ ይዘው ነበር። «ሕጉ የራሱ ጉልበት የለውም? የኔን ጉልበት ወስዶ ምን ሊያደርግበት ነው?» ብለው ለቀቁላት።

መሪጌታ ገብረ ሥላሴ በጣቢያው አግዳሚ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ፈልጋ አጣች፤ ያገኘችው ንቀት ብቻ ነው።

«ሰው ለመግደል ይህን ያህል ዘመን ከዜማና ከቅኔ ጋር መባጀት ባላስፈለገኝ» አሉ። «ለዚያ ድንጋይ ይበቃኛል። የከተማሽ ሰው ሰኞ ዕለት እንዳሳየኝ።»

ጨርቁን ዘረጋችላቸው። «የእርስዎ ነው፣ የኔታ?»

«የኔ ነው። የእጄን ሥራ አልክድም።»

«ለማን ሰጡት?»

ለደምሌ እንጂ ለማንም እንዳልሰጡ ተናገሩ። ጉልበታቸው ደክሞ ለሕመምተኛ በእጃቸው መስጠት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ በየሳምንቱ ነጋዴ ለደምሌ ያደርስላቸዋል፣ ሁሉንም ቋጥረው።

«እሱ በጣሳ ነው የሚሸጠው» አለች።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ቋጠሮዬን ይፈታዋል?»

«ይፈታዋል። ሰባት ቀን ማረፉንም ሽሮታል። ‹አንዲት ቀን እንዳታቋርጡ› ነው የሚላቸው። እናቴም እንደዚያ ተብላለች።»

«ለምን?»

«የኔታ፣ እኔም የምፈልገው የዚህን መልስ ነው።»

የደምሌ መድኃኒት ቤት በአስፋልቱ ዳር ካሉት ሱቆች ሁሉ ንጹሑ ነው። ደምሌ ከየትናየት ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ሕክምናን ሦስት ዓመት አጥንቶ ያቋረጠ ሰው ነው፤ ማቋረጡንም፣ ሐኪም ሳይሆን መቅረቱንም ለአንድ ቀን አልረሳም። ነጭ ጋዋኑ እስከ አንገቱ ተቈልፏል። ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ የባንቺአየሁ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጕንጯ ሞልቶ፣ ፊቷ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ ሆኖ፣ የዳኑ ጣቶቿን ወደ ፎቶ አንሺው ዘርግታ ትስቃለች።

«የትናየት፣ ልጅ ሳለን የጠፋ እርሳስ ፈላጊ አንቺ ነበርሽ» አላት። «አሁን ደግሞ ነፍስ ፈላጊ ሆነሽ መጣሽ?»

«ባንቺአየሁን መጨረሻ መቼ አየሃት?»

«ሁለት ወር ሆኖኛል።»

«ቋጠሮው ታዲያ እንዴት እጇ ገባ?»

«ራሷ ቤተ ልሔም ወርዳ ይሆናላ። ሰው ምንጭ ይወዳል፤ ምንጩ ደፍርሶ ቢሆንም።» መደርደሪያውን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከአንድ ደብተራ ንጽሕናና ልክ መጠበቅ አልነበረብኝም።»

«ሰባት ቀን ማረፉን ለምን ሻርከው?»

«ሰባት የድርሳን ቍጥር ነው፣ የሕክምና ቍጥር አይደለም። የሚሠራ መድኃኒት አይቋረጥም። ሌላ ጥያቄ ከሌለሽ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

በሱቁ ውስጥ ማንም ደንበኛ አልነበረም። የትናየት ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ይዛው ወጣች፤ ደምሌም አልከለከላትም።

ሐሙስ ንጋት ላይ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሉ ወደቁ። አስታወካቸው። ላባቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ይዞርብኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ» አሉ፤ የበላይነህ ቃል በእናቷ አፍ ሲደገም የትናየት ሰማችው። እናቷ ግን ከማክሰኞ ወዲህ አንዲት ቍንጥር ዱቄት አልቀመሱም። ሲጠጡት የማይገድል፣ ሲተዉት የሚጥል መርዝ ምን ዓይነት ነው?

እናቷን ሆስፒታል አስገብታ ፖሊሶቿን ጣሳ ወደ ተወሰደባቸው ቤቶች ሁሉ ላከች። ሦስት ሰዓት ላይ መልሱ ተጠናቀረ። ሁሉም ወይ ተኝቷል፣ ወይ ያዞረዋል፣ ወይ ያስታውከዋል፤ ከአንዲት ሴት በቀር። እሷ በደኅና ውላ በደኅና ታድራለች። አልማዝ ትባላለች፤ የደምሌ እናት ናት።

የትናየት ወደ ወይዘሮ አልማዝ ቤት ብቻዋን ሄደች። ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ነገር በኪሷ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ያመራችው ዶክተር ምስራቅ ወዳረፈችበት ሆቴል ነው። ምስራቅ ቅጠሉን ልታጠና ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተመራማሪ ናት፤ ባንቺአየሁ በሞተችበት ሰኞ ከቀትር በኋላ ነበር የደረሰችው። በራሷ ላይ የተሰበሰበውን ጥርጣሬ ታውቀዋለች።

«ቅጠል ልትሰርቅ፣ ደም ልትመጥጥ መጣች ተብሎ የመኪናዬ ጎማ ተንፍሷል» አለች። «አሁን ደግሞ በመግደል ሊከሱኝ ነው?»

«መጀመሪያ አስተምሩኝ። ቍርጥማት ምንድን ነው?»

ምስራቅ ቍጣዋን ዋጥ አድርጋ አስረዳቻት። ይህኛው ቍርጥማት ከእርጅና የሚመጣ የአጥንት መበላት አይደለም። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ጠላትና ወገን መለየት ሲሳነው፣ ዘበኛው የገዛ ጌታውን ቤት ሲሰብር፣ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ይቃጠላል፣ ይጣመማል። አንዳንድ ዕፅዋት ዘበኛውን የሚያለዝቡ ቅመሞች እንዳሏቸው ይገመታል። «ዘበኛውን አፍኖ የሚጥል መድኃኒት ሞልቶናል» አለች። «የምፈልገው የሚገሥጸውን ነው። ባንቺአየሁ ያን ያገኘች መስሎኝ ነበር።»

«ከባንቺአየሁ ደም እንደሚወስዱ ማን ያውቅ ነበር?»

«ደምሌ ብቻ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ደወልኩለት፤ በመጀመሪያ የምመረምረው የእሷን ደም ነው አልኩት። የጥናቱ ተባባሪም እሱ ነው፤ ስሙ ከስሜ ጋር ይወጣል።»

የትናየት የእናቷን መውደቅ ነግራት ሁለት ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ አንደኛው ባንቺአየሁ ከሁለት ዓመት በፊት የተነሣችው የመታወቂያ ፎቶ፣ ሌላው ከደምሌ ግድግዳ የወረደው። ምስራቅ አጐነበሰች። ሁለቱን ፊቶች አስተያየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«እናትዎ የት ናቸው?» አለች።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም በባንቺአየሁ የስፌት ክፍል ተሰበሰቡ። በላይነህ ከግድግዳው ተደግፎ፣ መሪጌታ በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ ደምሌ ጋዋኑን ሳያወልቅ፣ ምስራቅ ከሆስፒታል ሮጣ። በመስኮቱ የከተማው ሰው ፊት በፊት ላይ ተደራርቧል። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ድንጋይ እየተወረወረ ይመስል ነበር።

የትናየት በስፌት መኪናው ላይ ሦስት ብርጭቆ ደረደረች።

«አንደኛው ዛሬ ከመሪጌታ ሙቀጫ የመጣ ዱቄት ነው። ሁለተኛው ከእናቴ ጣሳ፣ ሦስተኛው ካልተፈቱት ከእነዚህ ቋጠሮዎች ከአንዱ የወጣ። በእናቴ ምክንያት ዳኛ ልሆን አይገባኝም፤ ስለዚህ እናንተ እዩ።»

በየብርጭቆው የቍስል አዮዲን አንጠበጠበች። አንደኛው ቡናማ እንደ ሆነ ቀረ። ሦስተኛውም እንደዚያው። የእናቷ ብርጭቆ ግን እንደ ቀለም ቀንድ ጠቈረ።

«ክኒን በቅርጹ እንዲቆም ስታርች ይገባበታል፤ አዮዲን ስታርች ሲነካ ይጠቍራል» አለች። «በጣሳው ያለው ቅጠል ክኒን ተፈጭቶበታል። በቋጠሮው ያለው ንጹሕ ነው። ሁላችንም ስንፈልግ የከረምነው ባንቺአየሁ የጠጣችውን መርዝ ነበር። የገደላት ያልጠጣችው ነው።»

የትናየት ወደ ምስራቅ ዞረች፤ ምስራቅም ባጭሩ ተናገረች። ክኒኑ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ሳይሆን አይቀርም። ቍርጥማትን በቀናት ውስጥ ያስታግሣል፣ ጕንጭን ይሞላል፣ ፊትን ክብ ያደርጋል፤ ሰው ወዝ ያገኘ ይመስላል። ሰውነት የዚህን ክኒን አምሳያ በራሱ ያመርት ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ከውጭ ሲሰጠው ግን ሥራውን ይረሳል። በድንገት ሲቋረጥበት ባዶ እጁን ይቀራል። ያን ጊዜ ተራ ጉንፋን ይገድላል። ለዚህ ነው ክኒኑ በሐኪም እጅ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ የሚተወው። ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ መርፌ ተሰጥቷቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀና ብለዋል።

«ስታርች በሽንብራም ውስጥ አለ» አለ ደምሌ፤ ድምፁ አልተናወጠም። «ነጋዴው ዱቄት ደባልቆበት ይሆናል። እኔ የተሰጠኝን ሸጥኩ።»

«ሽንብራ የባንቺአየሁን ጣት አይፈታም፣ ደምሌ።» የትናየት ሁለቱን ጨርቆች ጐን ለጐን ዘረጋች። «መሪጌታ በአንድ ቋጠሮ አንድ ማለዳ ያስራሉ። እዚህ ሰባት፣ እዚህ አራት ተፈትተዋል፤ ዐሥራ አንድ ማለዳ። ከሞተችበት ሰኞ ወደ ኋላ ቍጠሩ፤ የመጀመሪያው ቋጠሮ የተፈታው ዓርብ ነው። ዶክተር ምስራቅ የደወለችልህ ሐሙስ ነበር። ጨርቁ ደግሞ ከመሪጌታ እጅ ወጥቶ የሚደርሰው ወዳንተ ብቻ ነው። ደሟ ሲመረመር ክኒን እንዳይገኝበት ጣሳዋን ወስደህ ንጹሑን ቅጠል እንደ ታሰረ ሰጠሃት። ፈትተህ በጣሳ ብታደርገው ኖሮ ቀኑን አላውቀውም ነበር።»

«ይህ ሁሉ ቍጥር ነው።»

«እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ወደ እናትህ የሄድኩት።» ወረቀቱን ፈታችው። ሁለት ነጫጭ ክኒኖች ነበሩ። «ማክሰኞ ጣሳዎቹ ሲሰበሰቡ ‹ቅጠሉ እስኪመለስ ይህን ዋጪ፣ አንድ ቀን እንዳታልፊ› ብለህ ሰጠሃቸው። ‹ልጄ ይባረክ› እያሉ አሳዩኝ። ሁለቱን ብቻ ወሰድኩ፤ የቀረውን ይዋጡት። ከአርባ አንድ ሰው አንዷን ለማዳን የሚበቃ ዕውቀት ነበረህ። አርባውን እያወቅህ ዝም አልክ።»

ደምሌ ክኒኖቹን አየ። ሲናገር ለማንም ሳይሆን ለስፌት መኪናው የሚናገር ይመስል ነበር።

«ቅጠሉ ቀርፋፋ ነበር። ሰው አይታገሥም። ጥቂት ላግዘው አልኩ።» ቀጥሎ ወደ ምስራቅ ቀና አለ። «ደሟ ንጹሕ ሆኖ ጣቷም ተፈትቶ ብታዪ ኖሮ፣ ያቋረጥኩት ትምህርት ቤት ስሜን በመጽሔት ያነብ ነበር። ሁለት ሳምንት ትቆማለች ብዬ ገመትኩ። ጉንፋኑን አልገመትኩም።»

በላይነህ መጥረቢያውን ብድግ አድርጎ ከግድግዳው ተላቀቀ። ፖሊሶቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት የትናየት በመካከል ገባች።

«ጋሽ በላይነህ፣ ከስማዳ፣ ከእስቴና ከአርብ ገበያ መጥተው የወሰዱ አሉ። ጣሳቸው እየተሟጠጠ ነው፤ ማን እንደ ሆኑ የሚያውቀው ይህ ጭንቅላት ብቻ ነው። ይህን ከፈለጡ እነሱም አብረው ይሞታሉ።»

በላይነህ መጥረቢያውን በእህቱ መኪና ላይ አስቀመጠው፤ ምላጩንም ወደ ደምሌ አዞረው። «ይጥራ» አለ። «አንድ ስም ቢዘል እኔ አለሁ።»

ደምሌ ሃያ ሦስት ስም ጠራ፤ ምስራቅ እየጻፈች፣ ፖሊሶቹ በስልክ እየተቀባበሉ። ያ እንዲቃጠል የታዘዘ ጣሳ ሁሉ ከቀትር በፊት በየትናየት ትእዛዝ ታግዶ ነበር፤ ሰብሳቢው ፖሊስ ራሱ ሐኪም አስከትሎ በየቤቱ ሊመልሰው ወጣ። ከትናንት ወዲያ በሕግ ስም የቀማውን ዛሬ በሕግ ስም ጠጡ ሊል ነው፤ የሚሰድበውም አላጣም። በመሪጌታው ቤት ድንጋይ የወረወሩት ሰዎች ከመስኮቱ አንድ በአንድ ቀነሱ። ይቅርታ ያለ አልነበረም።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ወደ ስፌት መኪናው ቀረቡ። አንደኛውን ብርጭቆ አንሥተው በብርሃን አዩት።

«እንግዲህ ቅጠሌ አልገደላትም።»

«አልገደላትም፣ የኔታ።»

«ጣቷን የፈታውም እርሱ አይደለም።»

የትናየት ሊያጽናና የሚችል ቃል ፈለገች፤ ሐሰት ያልሆነ አላገኘችም። «አላውቅም። ማንም አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ የእርስዎን ቅጠል ብቻውን የጠጣ ሰው የለም።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። ሦስቱን ቋጠሮዎች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ የገዛ እጃቸውን አስተሳሰር የሚፈትሹ ይመስል።

«አንዲት ሴት አለች» አሉ። «ዐሥራ አንድ ቀን።»